ነደደ ወይስ ፈነዳ?

‹‹ነጭ ድንክ ኮከብ ክብደቱ የፀሐይን 1.4 እጥፍ ሲሞላ ይፈነዳል።››

ስለ ከዋክብት ጥቂት ያነበበ ሰው ሁሉ ይህችን ዓረፍተ ነገር ያውቃታል። በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ አለች፤ በሬዲዮ የሳይንስ ዝግጅት ትደመጣለች፤ ከውጭ ቋንቋ እየተተረጎሙ በሚወጡ የጋዜጣ ዓምዶች ላይ ትመላለሳለች። አጭር ናት፤ ቁጥር አላት፤ ለፈተናም ትመቻለች። እኔ ግን ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ይህችኑ ዓረፍተ ነገር ልከሳት ነው። ክሱም ባጭሩ ይህ ነው፦ ምክንያት ሳትሆን ምክንያት መስላ ቆማለች። ኮከብን ክብደት አያፈነዳውም። ክብደት ቢበዛ አፋፉ ላይ ያደርሰዋል። የሚያፈነዳው እሳት ነው፤ ከእሳቱ የሚወለድ ድምፅ ነው፤ ድምፁም ከርሮ ከርሮ የሚሆነው ብርቱ ምት ነው። ይህን ትተው ‹‹ልኩ ሞላና ፈነዳ›› የሚሉን ሰዎች ያስተማሩን ይመስላቸዋል። እኔ እንደማየው ግን ጥያቄውን ከእጃችን ቀምተውናል።

ወደ ክሱ ዝርዝር ከመግባቴ በፊት ባለጉዳዩን ላስተዋውቅ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልኝ።) ነጭ ድንክ ማለት እንደ ፀሐይ ያለ ኮከብ ነዳጁን ጨርሶ፣ የላይኛውን ካባውን ወደ ጠፈር አራግፎ ሲያበቃ የሚተርፈው እምብርት ነው። የኛም ፀሐይ ከቢሊዮኖች ዓመታት በኋላ ዕጣዋ ይኸው ነው። የፀሐይን ያህል ክብደት ተሸክሞ ስፋቱ ከመሬት እምብዛም አይበልጥም። ከአካሉ አንድ የሻይ ማንኪያ መቅዳት ቢቻል ቶኖች ይመዝናል። የብዙዎቹ አካል ካርቦንና ኦክስጅን ነው። ከሰላችንም በአብዛኛው ካርቦን ነውና ነጭ ድንክን ያልተለኮሰ የከሰል ክምር ብንለው ብዙ አንስትም። ልዩነቱ አነዳዱ ላይ ነው፤ የምድጃችን ከሰል ሲነድ አተሞች ይጣመራሉ፤ የኮከቡ ከሰል ሲነድ ግን የአተሞቹ እምብርቶች ራሳቸው ይዋሐዳሉ። የሚወጣውም ጉልበት ከምድጃው ጋር ለንጽጽር አይቀርብም። እንዲህ ያለ ኮከብ ሲፈነዳ በሴኮንዶች ውስጥ የሚለቀው ጉልበት ፀሐይ በ10 ቢሊዮን ዓመት ዕድሜዋ የምትለቀውን ያህል ነው። በኅዳር 1572 ዴንማርካዊው ቲኮ ብራሄ በካሲዮፒያ ህብረ ኮከብ ውስጥ አዲስ ኮከብ አየሁ ብሎ የጻፈው እንዲህ ያለውን ነበር። አዲስ የመሰለው ኮከብ እየሞተ የነበረ አሮጌ ኮከብ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ። 1.4ን ያሰላው ህንዳዊው ሱብራማኒያን ቻንድራሴካር ነው። በ1930፣ በ19 ዓመት ዕድሜው፣ ከህንድ ወደ እንግሊዝ በመርከብ ሲጓዝ ነበር ሐሳቡን የጀመረው። በጥር 1935 ለንደን ውስጥ በንጉሣዊው የሥነ ፈለክ ማኅበር ስብሰባ ላይ ሲያቀርበው፣ የዘመኑ ገናና ሊቅ አርተር ኤዲንግተን እዚያው ተነሥቶ አጣጣለበት። አዳራሹም ለገናናው አደላ። ቻንድራሴካር የኖቤል ሽልማቱን ያገኘው በ1983 ነው። እኔ ይህን ሰው አልከስም፤ እንዲያውም ጠበቃው ነኝ። ቻንድራሴካር ‹‹ይፈነዳል›› አላለምና። ያለው፣ ከዚህ ክብደት በላይ የኤሌክትሮኖቹ ግፊት ኮከቡን ተሸክሞ ሊያቆመው አይችልም ነው። ምሰሶው ሲያቅተው ቤት የሚሆነው ምንድን ነው? ይደረመሳል። መደርመስ ወደ ውስጥ ነው፤ መፈንዳት ወደ ውጭ ነው። ኦክስጅንና ኒዮን የሚበዛባቸው ነጭ ድንኮች ወደዚያ ልክ ሲደርሱ ተደርምሰው የኒውትሮን ኮከብ ይሆናሉ ተብሎ የሚታሰበውም ለዚህ ነው። ካርቦን የሞላበት ነጭ ድንክ ደግሞ ከጎረቤት ኮከብ ቁስ እየተቀበለ ሲከብድ፣ ልኩን ሳይሞላ ጥቂት ቀደም ብሎ እምብርቱ ውስጥ ካርቦኑ ይለኮሳል።

እንግዲህ ተመልከቱ! ልኩን ቢያልፍ መደርመስ፤ የሚለኮሰው ደግሞ ልኩን ሳይሞላ። ዓረፍተ ነገሯ በሁለቱም በኩል አትቆምም። የፍንዳታውን ምክንያት በክብደቱ ልክ ውስጥ መፈለግ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

ታዲያ ላሟ የዋለችው የት ነው? መልሱን አማርኛችን ራሱ ጠቁሞናል። ሁለት ቃል አለን፤ ነደደ እና ፈነዳ። ማንም የቤት እመቤት ልዩነቱን ታውቃለች። ኩበቱ ነደደ እንጂ ፈነዳ አንልም። የፊዚክስ ሰዎች ይህንኑ ልዩነት በሚገባ ለክተውታል። በሚነድ ነገር ውስጥ ሙቀት ከጎረቤት ወደ ጎረቤት እየተላለፈ ይለኩሳል፤ ነበልባሉ ከድምፅ ያነሰ ፍጥነት አለው። ስለዚህ ከፊቱ ያለው ነዳጅ በድምፅ አማካይነት ‹‹እሳት መጣብህ›› የሚል መልእክት ይደርሰዋል፤ ይገፋል፣ ይሳሳል፣ ቦታ ይለቃል። በሚፈነዳ ነገር ውስጥ ግን እሳቱ ከድምፅ ይፈጥናል። ከፊቱ ብርቱ ምት ይሄዳል፤ ምቱ ነዳጁን በቅጽበት ጨምቆ ያግለዋል፤ የጋለው ይለኮሳል፤ የተለኮሰው ምቱን መልሶ ይገፋል። መልእክተኛው ከገዳዩ ኋላ ይቀራል። ፈረንጆች ‹‹ሾክ ዌቭ›› የሚሉትን ይህን ግፊት እኔ በዚህ ጽሑፍ ‹‹የምት ሞገድ›› እለዋለሁ።

ይህ የሰማይ ጠቢባን የፈጠሩት ልዩነት አይደለም። በ1881 ፈረንሳይ ውስጥ ቤርቴሎና ቪዬ በአንድ በኩል፣ ማላርና ለ ሻትልዬ በሌላ በኩል፣ ጋዝ በሞላበት ቱቦ ውስጥ ነበልባል ሲሮጥ እየለኩ ሳለ ነበር የደረሱበት። ነበልባሉ በዝግታ ይጀምርና አንድ ቦታ ላይ ድንገት ባሕርዩን ይለውጣል፤ መንደዱን ትቶ ይፈነዳል፤ ፍጥነቱም በሴኮንድ ከኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። ጥያቄው እንግዲህ ከመቶ አርባ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው፦ የሚነድ ነገር መቼና እንዴት ወደሚፈነዳ ይለወጣል? የኮከቡም ጥያቄ ይኸው ነው። በ1.4 የተሸፈነብን ጥያቄ ይህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ አዋቂ ነኝ ባይ ‹‹ጠፈር ላይ ምን ድምፅ አለ?›› ብሎ እንደሚያቋርጠኝ አውቃለሁ። እውነት ነው፤ በከዋክብት መካከል ባለው ባዶ ቦታ ለጆሯችን የሚሆን ድምፅ የለም። እኔ የምናገረው ግን ስለ ኮከቡ ሆድ ዕቃ ነው። ድምፅ ማለት የሚገፋ ነገር ጎረቤቱን ሲገፋ፣ ያም የሚቀጥለውን ሲገፋ ነው። ይህን ያህል የታጨቀ አካል ባለበት መገፋፋት ይጠፋል? በአየር ውስጥ ድምፅ በሴኮንድ 340 ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ ሊለኮስ በደረሰ ነጭ ድንክ እምብርት ውስጥ ግን በሴኮንድ ወደ 10,000 ኪሎ ሜትር ይጠጋል።

አሁን እሳቱን እንለኩሰው። ፀሐይ መተንፈሻ አላት፤ ውስጧ ከመጠን በላይ ሲግል ትለጠጣለች፤ ስትለጠጥ ትበርዳለች፤ እሳቷም ልኩን ይይዛል። ነጭ ድንክ ይህ ጸጋ የለውም። የሚሸከመው የኤሌክትሮኖቹ ግፊት ለሙቀት ደንታ የለውምና ሲግል አይለጠጥም፤ ስለማይለጠጥ አይበርድም፤ ስለማይበርድ ይብስ ይግላል። ካርቦኑ መዋሐድ ከጀመረ በኋላ እምብርቱ እንደ ሽሮ ድስት ለመቶዎች፣ ምናልባትም ለሺህ ዓመት ይንተከተካል። በመጨረሻ አንድ ቦታ ላይ ነበልባል ይነሣል። ነበልባሉ መጀመሪያ ላይ በሴኮንድ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ለኛ ይህ የማይታመን ፍጥነት ነው፤ ለኮከቡ ግን ከድምፁ መቶ እጥፍ ያህል የዘገየ የኤሊ ጉዞ ነው። እንግዲህ ኮከቡ ነደደ እንጂ ገና አልፈነዳም።

የዚህ ጥናት ታሪክ ራሱ ዓረፍተ ነገሯን የሚያጋልጥ ምስክር ነው። ፍሬድ ሆይልና ዊልያም ፋውለር በ1960 እነዚህ ፍንዳታዎች ከተጨመቀ ኮከብ የኑክሌር እሳት የሚመጡ ናቸው አሉ። በ1969 ዴቪድ አርኔት ኮከቡ ከመጀመሪያው ቅጽበት ጀምሮ ቢፈነዳስ ብሎ አሰላ። ስሌቱ ግን አንድ ችግር አመጣ፦ ያን ያህል በታጨቀ አካል ውስጥ ምት ሲያልፍ አካሉን ከሞላ ጎደል በሙሉ ወደ ኒኬልና ወደ ዘመዶቹ ይለውጠዋል። በቴሌስኮፕ የሚታየው ብርሃን ደግሞ የሲሊከን፣ የድኝና የካልሲየም ፊርማ በጉልህ ይዞ ይመጣል። በ1976ና በ1984 ኬንኢቺ ኖሞቶና ባልደረቦቹ የነደደ ብቻ ኮከብ አሰሉ፤ ከሚታየው ብርሃን ጋርም በደንብ ገጠመ። ሆኖም ያ ስሌት የነበልባሉን ፍጥነት ራሱ አይወልደውም፤ ከውጭ ይሰጠዋል። በኋላ ኮምፒዩተሮች ጎልብተው ነበልባሉን በሦስት አቅጣጫ ሲያሰሉት፣ መንደድ ብቻውን ብዙ ካርቦን ሳያቃጥል የሚተው ደካማ ነገር ሆኖ ተገኘ። በ1991 አሌክሲ ሆክሎቭ ሁለቱን አስታረቃቸው። ኮከቡ መጀመሪያ ይነዳል፤ ሲነድ ይለጠጣል፤ ከተለጠጠና ከሳሳ በኋላ ይፈነዳል። በሳሳው አካል ውስጥ ያለፈው ምት ሁሉንም ወደ ኒኬል አይለውጥም፤ ሲሊከኑንና ካልሲየሙን ይተዋል። ሰማዩም ስሌቱም ተስማሙ።

ተስማሙ ብዬ ባቆም ግን እኔም የከሰስኳቸውን ሰዎች ሥራ መሥራቴ ነው። ምክንያቱም በእነዚያ ስሌቶች ውስጥ መንደዱ ወደ መፈንዳት የሚለወጥበትን ቅጽበት የሚወስነው ኮከቡ አልነበረም፤ የሚያሰላው ሰው ነበር። ‹‹ጥቅጥቅነቱ እዚህ ቁጥር ሲደርስ ፍንዳታው ይጀመር›› ተብሎ በእጅ ይሰጥ ነበር። ድራማው ላይ ተዋናዩ በራሱ አልሞተም፤ ዳይሬክተሩ ‹‹አሁን ውደቅ›› ብሎታል። ሐቀኞቹ ሊቃውንት ይህን ጉድለት በየጽሑፋቸው ይጠቅሱታል። ወደኛ ሲደርስ ግን ጉድለቱ ተፍቆ ቁጥሩ ብቻ ይቀራል።

ድምፅ ወደ መድረኩ የሚወጣው እዚህ ላይ ነው። በ2013 ሻሪኞንና ሺዬዝ የተባሉ ተመራማሪዎች እንዲህ አሉ፦ በእምብርቱ ውስጥ የሚናወጠው ነበልባል ዝም ብሎ አይነድም፤ ይጮኻል። ጩኸቱ የድምፅ ሞገድ ሆኖ ከታጨቀው እምብርት ወደ ሳሳው ዳርቻ ይወጣል። ሲወጣ ምን ይሆናል? ይህን ለማወቅ ኮምፒዩተር አያስፈልግም፤ ቡሄ ሲደርስ ልጆች የሚያጮኹትን ጅራፍ ማየት ይበቃል። ጅራፍ ከእጀታው በኩል ወፍራም ነው፤ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ይሄዳል። ልጁ እጀታውን ሲያወናጭፍ የሰጠው ጉልበት ወደ ቀጭኑ ጫፍ ይጓዛል። ጉልበቱ ያው ሆኖ የሚያንቀሳቅሰው ገመድ እያነሰ ስለሚሄድ ፍጥነቱ ይጨምራል፤ ጫፉ አጠገብም ከድምፅ ይበልጣል። ያ ‹‹ጧ!›› የሚለው ጩኸት ትንሽ የምት ሞገድ ነው። በኮከቡ ውስጥም እንዲሁ ነው፤ ሞገዱ ወደ ሳሳው አካል በወጣ ቁጥር የሚያርገበግበው ቁስ ያንሳል፤ መርገብገቡም ይበረታል። በዚያ ላይ የሞገዱ ጀርባ ከግንባሩ ይፈጥናል፤ በጠባብ መንገድ ላይ ከኋላ የሚመጡ መኪኖች ከፊት ያሉትን እየደረሱባቸው እንደሚደራረቡ ሁሉ ሞገዱም ይደራረብና ቀጥ ያለ ግድግዳ ይሆናል። ድምፅ መሆኑ ቀረ፤ ምት ሆነ። ምቱ አካሉን ያግላል፤ በበቂ ካጋለው ፍንዳታው ይጀመራል። አባቶቻችን ‹‹ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል›› ያሉት ስለ ሰው ጠባይ ነው። ይህ ኮከብ ግን ራሱ ጮኾ ራሱን ይገርፋል።

በ2019 ደግሞ አሌክሲ ፖሉድኔንኮና ባልደረቦቹ ‹‹ሳይንስ›› በተባለው መጽሔት ላይ ሌላ መንገድ አሳዩ። ነበልባሉ በሁከት ውስጥ ሲገባ ይጨማደዳል፣ ይታጠፋል፤ የሚነደው ገጽታው ይሰፋል። ከአንድ ልክ ካለፈ በኋላ የሚፈጥረውን ግፊት ድምፅ ወስዶ ሊበትነው አይደርስለትም። ግፊቱ እዚያው ይቆለላል፤ ቁልሉ ምት ይሆናል፤ ምቱም ፍንዳታ ይወልዳል። ግድግዳ አላስፈለገም፤ ቱቦ አላስፈለገም። ይህንንም ሃይድሮጂንና አየር በተቀላቀለበት የላቦራቶሪ ሙከራ ከስሌቱ ጋር አነጻጽረውታል። የዓረፍተ ነገሯ ወዳጆች አንድ ነገር ልብ ይበሉልኝ፤ በላቦራቶሪው ውስጥ 1.4 የሚባል ነገር የለም። አሠራሩ ግን አለ።

የመጨረሻው ምስክር ደግሞ ከሁሉ የከበደው ነው። አንዳንዱ ነጭ ድንክ ልኩ አጠገብ ሳይደርስ ይፈነዳል። ከጎረቤቱ የተቀበለው ሂሊየም ገላውን እንደ ሸማ ይሸፍነዋል። መጀመሪያ የሚፈነዳው ይህ ስስ ሸማ ነው። ከዚያ የሚነሣው ምት ኮከቡን ዙሪያውን ከቦ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ከየአቅጣጫው የመጣው ምት አንድ ነጥብ ላይ ይገናኛል፤ እዚያም ካርቦኑን ያፈነዳዋል። ድርብ ፍንዳታ ይሉታል። ለረጅም ጊዜ ስሌት ብቻ ነበር። በ2025 ግን ተመራማሪዎች ቺሊ ባለው የአውሮፓውያኑ ግዙፍ ቴሌስኮፕ፣ ከኛ 160,000 የብርሃን ዓመት ርቆ በትልቁ የማጂላን ደመና ውስጥ የሚገኘውን የአንድ ፍንዳታ ቅሪት አነሡት። ኤስ ኤን አር 0509-67.5 ይባላል። በቅሪቱ ውስጥ ሁለት የካልሲየም ቀለበቶች፣ አንዱ በአንዱ ውስጥ ሆነው፣ ታዩ፤ ድርብ ፍንዳታ ይተዋል ተብሎ የተተነበየው አሻራ ነው። እንግዲህ 1.4 ያልሞላ ኮከብ ፈንድቶ አሻራውን ትቶልናል። የኔ ክስ እዚህ ላይ ሊያበቃ ይችል ነበር።

ሆኖም የመከላከያ ምስክሮች አሉ፤ እነሱንም መስማት ይገባል።

የመጀመሪያው ‹‹ለተራ አንባቢ ቀለል ማድረግ ግድ ነው›› ይላል። እስማማለሁ፤ ቀለል ማድረግና ማሳሳት ግን ይለያያሉ። እስካሁን ያነበባችሁት ከሽሮ ድስት፣ ከከሰልና ከቡሄ ጅራፍ የራቀ አልነበረም። እውነቱ ከውሸቱ ይልቅ የሚከብድ ሆኖ አላገኘሁትም። የከበደው ተራኪው ላይ ነው፤ ቁጥር መጥራት ሂደትን ከመረዳት ይቀላልና።

ሁለተኛው ተቃራኒውን ይላል፤ ‹‹ሊቃውንቱ ራሳቸው አልተስማሙም፤ ታዲያ ምን ያውቃሉ?›› ይህኛው ከመጀመሪያው የባሰ ነው። የታወቀውና ያልታወቀው የየራሱ ድንበር አለው። በነሐሴ 2011 ከኛ 21 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት በሚርቀው ኤም 101 ጋላክሲ አንድ ኮከብ ሲፈነዳ በሰዓታት ውስጥ ተያዘ፤ የፈነዳው አካል እጅግ ትንሽ፣ ነጭ ድንክን የሚያህል መሆኑ ከብርሃኑ ታወቀ። በ2014 ኤም 82 በተባለው ጋላክሲ ከፈነዳው ኮከብ የኮባልት ጨረር በሳተላይት ተለካ። ኒኬሉ በስድስት ቀን ገደማ ግማሹ ወደ ኮባልት፣ ኮባልቱም በ77 ቀን ግማሹ ወደ ብረት እንደሚለወጥ የተነገረው በሰማይ ተመሰከረ። በአንድ እንዲህ ባለ ፍንዳታ የሚፈጠረው ኒኬል የፀሐይን ስድስት አሥረኛ ያህል ይመዝናል፤ 200,000 ያህል መሬት ማለት ነው። ይህ ሁሉ የታወቀ ነው። ክርክሩ ያለው መንደዱ ወይም ሸማው እንዴት ወደ ፍንዳታ ያደርሳል፣ የትኛውስ መንገድ በብዛት ይሄዳል በሚለው ላይ ነው። የጥያቄን ቦታ በትክክል ማወቅ ዕውቀት ነው።

ሦስተኛው ወዳጄ ነው። ‹‹ኮከብ ነደደ ፈነዳ፣ ለኛ ምን ይፈይዳል?›› ይለኛል። ለዚህ ወዳጄ ሁለት መልስ አለኝ።

አንደኛ፣ በታኅሣሥ 2005 እንግሊዝ አገር ባንስፊልድ በተባለ የነዳጅ ማከማቻ ቤንዚን ከታንከር ሞልቶ ፈሰሰ፤ ተኑም እንደ ጉም ተዘረጋ፤ ተለኮሰ። ማንም ያልጠበቀው ኃይለኛ ፍንዳታ ሆነ፤ 43 ሰዎች ተጎዱ። ገላጣ ሜዳ ላይ ያለ የነዳጅ ተን እንዲያ ባለ ኃይል ይፈነዳል ተብሎ አይገመትም ነበር። በኋላ የተደረገው ጥናት ዳርቻው ላይ የነበሩትን ዛፎችና ቁጥቋጦዎች ጠቆመ፤ ነበልባሉ በቅርንጫፎቹ መካከል ሲያልፍ እየተናወጠ ፈጠነ፤ ፈጥኖም ወደ ፍንዳታ ተለወጠ። ‹‹ነዳጁ ስለበዛ ፈነዳ›› ብሎ የሚያቆም መርማሪ ዛፎቹን አያያቸውም። ያ መርማሪና ‹‹1.4 ስለሞላ ፈነዳ›› የሚለው መምህር ወንድማማቾች ናቸው።

ሁለተኛ፣ የሰው ልጅ ዓለምን የሚለካበት ክንድ በእነዚህ ኮከቦች ላይ ተሠርቷል። በ1998 ሁለት የምርምር ቡድኖች የራቁ ፍንዳታዎችን ብርሃን ለክተው ጠፈር እየተስፋፋ ብቻ ሳይሆን መስፋፋቱ እየፈጠነ ነው አሉ፤ በ2011 ኖቤል ተሸለሙበት። ‹‹ሁሉም 1.4 ሲሞሉ ስለሚፈነዱ ብርሃናቸው እኩል ነው፤ ስለዚህ ጥሩ መለኪያ ናቸው›› የሚለውም ተረት የዚያችው ዓረፍተ ነገር ልጅ ነው። እኩል አይደሉም። ማርክ ፊሊፕስ በ1993 ያሳየው የደመቁት ቀስ ብለው፣ የፈዘዙት ፈጥነው እንደሚከስሙ ነው፤ ለኪዎቹም በዚህ እያረሙ ነው የሚሠሩት። የመስፋፋቱ መፍጠን በሌላም ማስረጃ የተደገፈ ነውና አልጠራጠረውም። ዛሬ የሚጠየቀው ግን ከዚያ የረቀቀ ነው። ዴዚ የተባለው የጋላክሲዎች ቅኝት በ2024ና በ2025 ያወጣቸው ውጤቶች ከሱፐርኖቫዎቹ ጋር ሲደመሩ፣ መስፋፋቱን የሚገፋው ጥቁር ኃይል ከዘመን ዘመን ይለዋወጥ ይሆናል የሚል ጥርጣሬ አንሥተዋል። እንዲህ ላለው ጥያቄ የጥቂት ከመቶ የብርሃን ልዩነት ፍርድ ይለውጣል። የጥንት ኮከቦች በአንድ መንገድ፣ የቅርቦቹ በሌላ መንገድ የፈነዱ ቢሆንስ? ክንዱ ከዘመን ዘመን ያጠረ ወይም የረዘመ ቢሆንስ? ይህን የሚመልሰው 1.4 አይደለም፤ የነበልባሉ፣ የድምፁና የምቱ ጥናት ነው።

ለወዳጄ ምራቂ ልጨምርለት። በደሙ ውስጥ የሚዞረው ብረት፣ በእጁ የያዘው ቢላዋም ብረት፣ ትልቁ ድርሻው እንዲህ ካሉ ፍንዳታዎች የመጣ ነው። ኮከቡ ነዶ ብቻ ቢቀር ኖሮ ከዚያ ብረት ብዙው ባልተሠራ ነበር። ‹‹ምን ያገባኛል?›› የሚለው አፍ ራሱ ያ ፍንዳታ ያስታጠቀው ደም ይዞራል።

ከሳሽ ሆኜ ስነሣ ፍርድ መጠየቅ አለብኝ። ዓረፍተ ነገሯ እንድትሰረዝ እጠይቃለሁ። በምትኳም እንዲህ ትጻፍ፦ ‹‹አንዳንድ ነጭ ድንክ ኮከቦች ይፈነዳሉ፤ የሚፈነዱትም በውስጣቸው ወይም በገላቸው ላይ የተነሣ እሳት ከድምፅ ሲፈጥን ነው፤ እንዴት እንደሚፈጥን ገና እየተጠና ነው።›› ከአሮጌዋ ትንሽ ትረዝማለች፤ ለፈተናም ላትመች ትችላለች። ግን ይህችን የሰማ ተማሪ እጁን አውጥቶ ‹‹እንዴት ነው የሚፈጥነው?›› ብሎ መጠየቁ አይቀርም። አሮጌዋን የሰማው ግን ቁጥሩን ጽፎ ደብተሩን ይዘጋል።